ስለ ባለቤቴ የግራ እግር ለሆስፒታላችን ዳይሬክተር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ፕሮፌሰር ኦግኒያን ዱሽኮቭ፣
የአውራጃችን ሆስፒታል ዳይሬክተርና የአደን ማኅበራችን ሊቀመንበር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ልብዎ እንደምን ሰንብታለች? ወደ አንገትዎ የሚወጡት፣ ወደ ጉልበትዎ የሚወርዱት፣ እስከ አውራ ጣትዎ ጫፍ የሚደርሱት የደም ሥሮችዎ ሁሉ ክፍት፣ ለስላሳና ሙቅ ሆነው እንዲቆዩልዎ እኔና ባለቤቴ ከልብ እንመኛለን። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ የአንድ ሰው ደም ሥር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል በቤታችን ካየን ወዲህ፣ ለሚጠሉት ሰው ከሚመኙት ክፉ ነገር ሁሉ ይህን አንዱን ለይተን አውጥተነዋል።

እኔ ስቶይና ራልቼቫ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጎርኖ ብሬዞቮ ማዘጋጃ ቤት ሙሽሮችን የማጋባ ሠራተኛ ስለነበርኩ፣ ያማሩ ቃላትን ፊቴን ሳልቀይር መናገር የለመድኩ ሴት ነኝ፤ ዛሬም ያው ልማዴ ይርዳኝ። ባለቤቴን ግን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ባለፈው ኅዳር በሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቆመው፣ በካሜራዎቹ ፊት ጣትዎን ወደ ተሰበረው መስተዋት እየቀሰሩ፣ «ይህ በሽተኛ አይደለም፤ አውሬ ነው» ያሉለት ሰው እሱ ነው፤ የነፃ ትግል አሰልጣኙ ዛፊር ራልቼቭ። አውሬነቱን ለመላው አገር ስላሳወቁልን እያመሰገንኩ፣ እንዴት አውሬ እንደሆነ ለመተረክ ግን የቴሌቪዥኑ ጊዜ ስላልበቃዎት፣ የጎደለውን ልሙላልዎት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ጉዳዬን በቁጥር እየለየሁ አቀርባለሁ፤ ሥርዓት እንደሚወዱ ሰምቻለሁና።

አንደኛ። ስለ አዲሱ ክፍል ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። በመስተዋት በሩ ላይ በወርቃማ ፊደል «ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ሕሙማን የደም ሥር ጉዳት መከላከያና ማከሚያ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ከንቲባው ሪባን የቆረጡለት፣ ማርሽ ባንድ የተነፋለት ክፍል ነው። የደም ሥርን ውስጥ ለውስጥ የሚያሳየው ትልቁ መሣሪያ በመጣ ቀን አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ባለቤቴ ከነተማሪዎቹ ተጠርቶ እስከ ላይኛው ፎቅ በትከሻው እንዳወጣው ያስታውሱ ይሆናል። ያን ዕለት ጀርባውን መታ መታ አድርገው «ዛፊር፣ አንተ እኮ ፈረስ ነህ!» ብለውት ነበር። ከፈረስነት ወደ አውሬነት ያደገው እንግዲህ በእርስዎ ሆስፒታል ውስጥ ነው።

ፈረሱ ግን ስኳር ነበረበት። የደም ግፊትም ነበረበት። ውድድር ካቆመ ጀምሮ ሲጋራ ከአፉ ተለይቶ አያውቅም። አባቱ ገና በጉልምስናው አንድ ጎኑ ሽባ ሆኖ ነው የሞተው። ስለዚህ የበሩን ጽሑፍ ሳነብ ክፍሉ በዛፊር ልክ የተሰፋ ልብስ መሰለኝና «ይኸው፣ የኛ በር» አልኩት። «ዝም በይ ሴትዮ፣ እኔ ምን ሆኜ!» አለኝ፤ ላቡን እየጠረገ።

ሁለተኛ። ስለ ምርመራው። ባለቤቴ ከትግል አዳራሹ ወደ ቤታችን የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ መሀል ላይ መቆም ጀመረ። ባቱን እንደ ውሻ ይነክሰዋል፤ ሲቆም ይለቀዋል፣ ሲራመድ መልሶ ይነክሰዋል። ለሰው ላለመንገር የሱቅ መስኮት የሚያይ ይመስል ነበር። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ከሚሸጥበት ሱቅ ፊት ተገትሮ አገኘሁትና «ለማን ነው?» ስለው፣ «ላንቺ፤ ሌላ ባል ስታገቢ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ብዙም ሳይቆይ በግራ አውራ ጣቱ ላይ ምስር የምታህል ቁስል ወጣች፤ አልድን አለች። ይዤው መጥቼ ለክፍልዎ አስረከብኩት።

የተቀበለን ሐኪም ጨዋ ወጣት ነው። ኮምፒውተሩን እንጂ ባለቤቴን አላየም። ዛፊር «ጫማዬን ላውልቅ?» አለው።

«አያስፈልግም። ክብደትዎን ይቀንሱ፤ ቁስሉን አዮዲን ይቀቡት።»

«እግሬ እኮ በረዶ ነው፣ ዶክተር።»

«ጥቅምት ነው፤ የሁላችንም በረዶ ነው።»

ደግመን መጣን፤ ሠለስን። በመጣን ቁጥር ካልሲው እንደለበሰ ተመለሰ። በኋላ እንደተማርኩት፣ የእግርን ጀርባ በሁለት ጣት ነክቶ የደም ምት መፈለግ፣ የቁርጭምጭሚትን ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር ማስተያየት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውንና ስቡን የሚቀንሰውን ክኒን ማስጀመር፣ ሲጋራውን በቁጣም ቢሆን ማስጣል፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ የሪባን ቆረጣውን ያህል ጊዜ አይወስድም። ትልቁ መሣሪያም እስከዚያ ድረስ ከነላስቲኩ ቆሞ ነበር። አቧራ እንዳይነካው መጠንቀቅዎን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ከሰው እግር ይልቅ ዕቃ ይከበራል፤ ዕቃ አይሸትምና።

ሦስተኛ። ስለዚያ እሑድ። ከምሳ በፊት ነው። ዛፊር ጓሮ ወጥቶ የክረምት እንጨት ይፈልጥ ነበር። በድንገት መጥረቢያውን ጥሎ ጮኸ። በትዳራችን ዘመን ጣቱ ሲሰበር፣ ጆሮው ሲቀደድ፣ የጎድን አጥንቱ ሲሰነጠቅ አይቼዋለሁ፤ ጮኾ ግን አያውቅም። ሱሪውን ወደ ላይ ስሰበስበው እግሩ ከጉልበቱ በታች እንደ ሻማ ነጥቷል። ስነካው የሞተ ዓሣ የነካሁ መሰለኝ። ጎረቤታችን በመኪናው እያበረረ ሆስፒታል አደረሰን።

ተረኛዋ ሐኪም ገና እንዳየችው «ደም ሥሩ ድርግም ብሎ ተዘግቷል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተከፈተ እግሩ ይሞታል» አለችን። እውነቱን ሳትሸፋፍን ስለነገረችን እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። የሚከፍተው ማን ነው ብንል፣ ዶክተር ፓንቼቭ፤ በአውራጃው ያለ ብቸኛው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም። የት ነው ብንል፣ ከእርስዎ ጋር ለዱር አሳማ አደን ወጥቷል፤ ስልክ በማይሠራበት ጫካ። እንግዲያው ወደ ዋና ከተማው ወደ ሶፊያ ላኩን ብንል፣ አዲስ ክፍል እያለን በሽተኛ ወደ ሌላ መላክ ስማችንን ያጠፋል ብለው ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም እንዳይላክ አዝዘዋል። ፈቃዱም ከእርስዎ ጋር ጫካ ነበረ። ነርስ ካሊና ስልኩን እየዘጋች ስትደውል፣ እየደወለች ስትዘጋ አይቻለሁ።

እናም ጠበቅን። እርስዎ ሐኪም ነዎትና እግር እንዴት እንደሚሞት ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያዩት ተቆርጦ ሲወጣ ስለሆነ ከሥር ከሥሩ ልንገርዎት። መጀመሪያ ነጭ ነው። ቀጥሎ ሰማያዊ ሐረግ እየወጣበት እንደ እብነ በረድ ይዥጎረጎራል። ሰውየው ደግሞ በሕይወት አለ፤ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ዛፊር የአልጋውን ብረት ነክሶ ጥርሱን ሰበረ። ስባሪውን መዳፌ ላይ ተፍቶ «ስቶይና፣ መጥረቢያውን አምጪልኝ፤ እኔው ራሴ ልቁረጠው» አለኝ። ቀልድ አልነበረም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከአልጋው ተነሣ።

እዚህ ላይ ምንም አልሸፍንም፤ ባለቤቴ ያደረገው ጥፋት ነው። የግሉኮስ መስቀያውን ብረት መዝዞ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወደ አዲሱ ክፍል ሄደ፤ የወርቅ ፊደሉን መስተዋት በብረቱ መታው። ደግሞ መታው። መስተዋቱ እንደ በረዶ ዘነበ። አንዱ ስባሪ የነርስ ካሊናን ጉንጭ ከዓይኗ ሥር እስከ ከንፈሯ ሰነጠቀው፤ ደሟ በነጭ ጋወኗ ላይ ወረደ። ጥበቃው ሚንቾ እየሮጠ መጣ። ሚንቾ ድሮ የዛፊር ተማሪ ነበር፤ ዛሬም «ቺቾ»፣ ማለትም «አጎቴ»፣ እያለ ነው የሚጠራው።

«ቺቾ ዛፊር! በእናትህ ተቀመጥ!»

«ዞር በልልኝ፣ ሚንቾ።»

«አልዞርም፣ እንጀራዬ ነው!»

«እንግዲያው ወገብህን ዝቅ አድርግ!» አለው ዛፊር። ሊጥለው እየመጣ እንኳ ያሠለጥነው ነበር።

ሚንቾ ወገቡን ዝቅ ሳያደርግ ቀረ። ባለቤቴ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ያን የሚያህል ጎረምሳ ከመሬት አንሥቶ በግድግዳው ላይ አሽቀነጠረው። የትከሻው አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ነው ያሰማው።

አራተኛ። ስለ ፖሊሶቹ ቅልጥፍና። ቀዶ ሐኪም ለማግኘት ቀኑ ያልበቃው ሆስፒታል፣ ፖሊስ ለማግኘት አንድ ሲጋራ አጭሶ የመጨረስ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ሲገቡ ዛፊር መስተዋቱ መሀል ተቀምጦ ነበር፤ እጁንም አላነሣም። ቢሆንም «ተኛ! ተኛ!» እያሉ በዱላ ወረዱበት፤ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ ጭኑን። ቀኙን ሲመቱት ይንፈራገጣል። ግራውን ሲመቱት ግን ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። ሁሉ ነገር እንዳበቃ ያወቅሁት ሐኪም ነግሮኝ አይደለም፤ ያን አይቼ ነው።

ሁለት እጆቹን ከአልጋው ጋር አሰሩት። አላረካቸውምና ሌላ ካቴና አምጥተው ግራ ቁርጭምጭሚቱን ከአልጋው ብረት ጋር ቆለፉት።

«ኸረ ያ እግር ደም የለውም! አትሰሩት!» ብዬ ጮኽኩ።

«እመቤቴ፣ እንዳይሸሽ ነው» አለኝ ፖሊሱ በትሕትና።

ወዴት ይሸሻል? በምንስ ይሸሻል?

አምስተኛ። ስለ መምጣትዎ። አመሻሹ ላይ ባርኔጣዎ ላይ ላባ ሰክተው ደረሱ። ዶክተር ፓንቼቭ ከኋላዎ ነበር፤ ቦት ጫማው ላይ ያለው የአሳማ ደም ገና አልደረቀም። እጁ የተባረከ ቀዶ ሐኪም ነው ይባላል፤ አምናለሁ፤ የዛፊርን እግር አንድ ጊዜ ዳሰሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ዘግይቷል» አለ። «ማን?» ብዬ ጠየቅሁት። እጁን ሊታጠብ ሄደ።

የባለቤቴን የእጅ ካቴና ፈቱለት። የቁርጭምጭሚቱ ቁልፍ ግን ከፖሊሱ ጋር እራት ሄዶ ነበር። መጠበቅ አይቻልምና ከነአልጋው ገፍተው አስገቡት። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ባለቤቴን በሌላ አልጋ ላይ አድርገው ሲያወጡት፣ እግሩ ያኛው አልጋ ላይ እንደታሰረ ቀርቶ ነበር። ተጠርጣሪው እግር እስከ መጨረሻው አልሸሸም፤ ይህም በመዝገብ ይያዝልኝ።

በማግሥቱ ነው እንግዲህ ደረጃው ላይ ቆመው ያን ንግግር ያደረጉት። በዚያው ሳምንት በአካባቢያችን ጋዜጣ ላይ ከወደቀው አሳማ ጎን ተንበርክከው የተነሡትን ፎቶግራፍም ተመልክቻለሁ። ግዙፍ አሳማ ነው። እንኳን ደስ አለዎት።

ስድስተኛው ስለ ፍርድ ቤቱ ነው። ዛፊር ጥፋቱን ሳይከራከር አመነ፤ ቅጣቱ በገደብ ተወሰነለት። ሚንቾ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጥቶ፣ ዳኛዋ «ተከሳሹ እንዴት አድርጎ ነው የጣለዎት?» ሲሉት፣ «በጣም ጥሩ አድርጎ፣ ክብርት ዳኛ። ወገቤን ዝቅ አላደረግሁም» ብሎ መለሰ። ካሊና ግን አልሳቀችም። «ይህ ፊቴ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ይዤው ነው የምኖረው። ይቅር ልበለው አልበለው ገና አላወቅሁም። ቀኑን ሙሉ ስደውል እንደዋልኩ ግን ይጻፍልኝ» አለች። እኔና ዛፊር ቤቷ ድረስ ሄደን ነበር፤ በሩን ዘጋችብን። ልክ ነበረች። በፋሲካ ደግመን ስንሄድ ከፈተችልን፤ አብረን ተቀመጥን፣ ብዙም አላወራንም። ክቡርነትዎ እስከ ዛሬ የማንንም በር ስላላንኳኩ፣ እንዲህ ዓይነቱን ኀፍረት ለማወቅ አልተገደዱም፤ በዚህም ዕድለኛ ነዎት።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ የሚቀጥለው ነገር ለቁጥር አልመች ብሎኛልና።

ያን ክረምት ባለቤቴ ከሰው ጋር መነጋገር አቆመ። የሌለው እግሩ ያሳክከው ነበር፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ ባዶ አንሶላ ይቧጭራል። ክራንቹን ወርውሮ የቁም ሳጥኑን መስተዋት ሰበረ። የትግል አዳራሹ ቁልፍ ምድጃ ውስጥ ተገኘ። አንድ ጠዋት ወደ ወጥ ቤት ስገባ የአባቱን ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በዘይት ይወለውላል። አገር ሰላም ብሎ፣ በዝግታ።

«ለምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ፕሮፌሰሩ አውሬ ማደን ይወዳል። እንዳይደክም ብዬ፣ አውሬው ራሱ ይሂድለት።»

ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ኖሮ ባልፈራሁ። ልብሱን ሊቀይር ሲገባ የጠመንጃውን መቀርቀሪያ አውጥቼ፣ ለክረምት ጎመን ያኮመጠጥንበት በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ሲያጣው ቤቱን ገለበጠው። ሳህኖቼን አንድ በአንድ በግድግዳው ላይ አነከታቸው፤ ጠረጴዛውን ሰበረው፤ በመጨረሻ አንገቴን ያዘኝ። በእነዚያ እጆች። «የት አለ?» አለኝ። «ግደለኝና ፈልገው» አልኩት። እጁ ላላ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ቁርስዎን በሰላም በልተው ከሆነ፣ ከሐኪሞችዎ በፊት የጎመን በርሜላችንን እንዲያመሰግኑ በትሕትና አሳስባለሁ።

በየካቲት «ስቶይና፣ ቀኙም ነከሰኝ» አለኝ። በሹክሹክታ ነበር፤ ደም ሥሩ እንዳይሰማው የፈራ ይመስል። ከዚያ በፊት በዚያ ሰው ዓይን ውስጥ ፍርሃት አይቼ አላውቅም።

ሮጥኩ። ከመንገዳችን ግርጌ ዶክተር ኢሬና ሺሽኮቫ ትኖራለች። ዘመኗን ሁሉ በሆስፒታልዎ የሠራች የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት፤ በስብሰባ ላይ ስለ ሕሙማን እግር ደጋግማ ስለጠየቀች ጡረታዋን እርስዎ ያፋጠኑላት። ቦርሳዋን ይዛ ገባች። ዛፊር ገና ሲያያት ክራንቹን አነሣ።

«ውጪልኝ! ሐኪም የሚባል ፊት ማየት አልፈልግም! እንዳልፈነክትሽ!»

«ፈንክተኝ» አለችው ኮቷን እያወለቀች። «ስትጨርስ ግን ካልሲህን ታወልቃለህ።»

ክራንቹ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ። ካልሲውን አወለቀ። ተንበርክካ ሁለት ጣቶቿን እግሩ ጀርባ ላይ አሳርፋ ምቱን ፈለገች። ቦታ ቀየረች። እንደገና ፈለገች። «አለ» አለች በመጨረሻ፤ «እየሞተ ያለ ምት ነው፤ ግን አለ። ዛሬውኑ ሶፊያ እንሄዳለን።» የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ በራሷ አሮጌ መኪና ወሰደችን። እዚያ በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ነፍተው የጠበበውን ደም ሥር ከፈቱለት፤ መልሶ እንዳይዘጋም ትንሽ የብረት መረብ ተዉለት። ነቅቶ ነበር፤ እያየው ነው እግሩ የቀላው። ሲሞቅ ተሰማው። ቀኑን ሙሉ የእግሩን ጣቶች እንደ ጫጩት በመዳፉ አቅፎ ዋለ። ሲጋራውን ዶክተር ሺሽኮቫ ከኪሱ አውጥታ በመስኮት ወረወረችው። የክኒኖቹን ሰዓት እኔ እጠብቃለሁ፤ ስኳሩን ራሱ ይለካል።

ፀደይ ሲገባ የአዳራሹን በር ሰብሮ ከፈተው፤ ቁልፉን ምድጃው ስለበላው ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ የሚያጨስ፣ አባቱ ወይም እናቱ በደም ሥር በሽታ የሞተ ሁሉ ከየመንደሩ እየመጣ የትግል ምንጣፉ ዙሪያ ባዶ እግሩን ይቀመጣል። ዶክተር ሺሽኮቫ እጃቸውን እየያዘች ያስተማረቻቸው የዛፊር ተማሪዎች ምት ይፈልጋሉ፣ ቁስል ይፈልጋሉ፤ የቀዘቀዘ ሲያገኙ እሷን ይጠራሉ፣ እሷም ትወስናለች። ሚንቾም ከእነሱ ጋር ነው። ዛፊር መሀል ላይ ቆሞ ይጮኻል። በቀደም አንድ ሽማግሌ ሲጋራውን ለኩሶ ገባና ባለቤቴ በጥፊ ከአፉ አወለቀለት፤ አጥፍቷል፣ እኔም ተቆጥቼዋለሁ።

«ኧረ አንተ ማን ነህና!» አለ ሽማግሌው ደንግጦ።

«የነገው አንተ ነኝ!» አለው ዛፊር፤ የሱሪውን ባዶ እግር እያራገበ።

ሽማግሌው ሌላ አልለኮሰም። የእሱ እግር ተርፏል። የሌሎችም ተርፏል። አንዲት ልብስ ሰፊ ግን ዘግይታ መጥታ ጣቶቿን አጥታለች፤ ዛፊር ያን ቀን ምሳ አልበላም። ይህን ሥራ ያለ ፈቃድ በማካሄዳችን በሕግ እንደሚያስጠይቀን በሆስፒታሉ ስም መልእክት ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን፤ እስከዚያን ዕለት ድረስ የሰማን ሰው መኖሩን እንጠራጠር ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ከዚህ በላይ አላደክምም። የምጠይቅዎት ይቅርታ የለም፤ ቢሰጡኝም የማኖርበት ቦታ አላገኝም። የምጠይቀው ላስቲኩን ከመሣሪያው ላይ እንዲያነሡልን ብቻ ነው። ለማንሣት የሰው ኃይል ካጠረዎት፣ ያወጡት ትከሻዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም ዛሬም ጤነኞች ናቸው፤ አንድ ቃል ይበቃቸዋል።

ለሥልጣንዎ ርዝመትን፣ ለጥይትዎ ዒላማን፣ ለካሜራዎ ብርሃንን እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ሆስፒታል ሙሉ ሆኖ የገባውንና ሩብ ተቀንሶለት የወጣውን ባሌን ደግፌ በቆምኩበት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥ አገልጋይዎ፣
ስቶይና ራልቼቫ፣
የአውሬው ሚስት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ከጨረስኩ በኋላ የሆነ ነገር ስላለ ልጨምር። ባለፈው ቅዳሜ ከሊፒሳ መንደር በአውቶቡስ አንዲት አሮጊት መጡ፤ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ በትራቸውን ተደግፈው የሚያነክሱ። ዛፊር ክራንቹን አስቀምጦ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና የሴትዮዋን እግር ጭኑ ላይ አኖረ። በረዶ ነበር፤ ትንሿ ጣት ጠቁራለች።

«እማማ፣ ልጅ የለዎትም እንዴ? እንዴት እዚህ ድረስ ዝም ተባለ?» አላቸው።

«አለኝ እንጂ! ሐኪም ነው፤ ትልቅ ሰው ነው። እንዳትነግሩት አደራ፤ ሥራ ይበዛበታል።»

ስማቸውን ጠየቃቸው። ቬና ዱሽኮቫ አሉ፤ እናትዎ።

ሚንቾ ቀና ብሎ ባለቤቴን አየው። ዶክተር ሺሽኮቫም አየችው። እኔ ያየሁት እጆቹን ነው፤ ያን ቀጭን ቁርጭምጭሚት ዙሪያውን ይዘውታል። «መኪናውን አስነሡ» አለ። ሚንቾ አቅፎ አወጣቸው፤ ዛፊር አብሮ ገባ፤ እስከ ሶፊያ ድረስ ያንን እግር በኮቱ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞ ሄደ። በዚያው ቀን ደም ሥራቸው ተከፈተ። ጣታቸውም ሳትቆረጥ አትቀርም ብለው ነበር ሐኪሞቹ፤ ተርፋለች። እስካሁን የተኙት እዚያው ነው፤ መጠየቅ ለማንም ክፍት ነው።

መንገድ ላይ «አንተ ልጅ፣ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ልጄን ታውቀዋለህ?» ብለው ጠይቀውት ነበር።

«አውቀዋለሁ» አላቸው።

«ጥሩ ሰው ነው፣ አይደለም?»

ባለቤቴ «እናቱ ጥሩ ሰው ናቸው» አላቸውና እግራቸውን አስተካክሎ ሸፈነላቸው።